ፈር የማይስት ትራክተር፦ ራሱን በሚመራ ትራክተር በቆሎ ለመዝራት ከሀ እስከ ፐ

መስመሩ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ነበር። የጎደለው በቆሎው ነው።

ራሱን የሚመራ መሣሪያ በተገጠመለት ትራክተር ለመጀመሪያ ጊዜ የዘራሁ ቀን ሥራዬ ሁሉ ስክሪን ማየት ነበር። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። መሪው ለብቻው ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ ይላል። ጉድ ነው! ቪዲዮ ቀርጼ ለጓደኞቼ ላክሁ። ቡቃያው ሲወጣ ግን ከፕላንተሩ፣ ማለትም ከትራክተሩ ኋላ ከተያያዘው የዘር መዝሪያ፣ አራት ረድፎች አንዱ የለም። ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ ነው። ለካ መዞሪያው ላይ ፕላንተሩን ሳላነሳ ትንሽ ወደ ኋላ ብዬ ነበር፤ ጭቃው የአንዱን ረድፍ የዘር ቱቦ አፍ ደፍኖታል። ትራክተሩ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እኔ ደግሞ ዞር ብዬ አላየሁም። የማሳው ባለቤት መጥተው፣ ቆመው አዩና «መስመሩስ አምሮበታል፤ በቆሎውን የት አደረስከው?» አሉኝ።

እርፍ የጨበጠ ሰው ወደ ኋላ አያይም ሲባል ነው ያደግነው። እዚህ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ማሽኑ መሪውን የሚይዝላችሁ እናንተ ወደ ኋላ እንድታዩ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በዚህ ዓይን አንብቡት።

ለምሳሌ የምወስደው አገራችን ውስጥ ሊገኝ የሚችል ዓይነት ነው፦ አንድ መካከለኛ ትራክተር፣ ትራክተሩ ከተገዛ በኋላ የሚገጠም መሪ መቆጣጠሪያ ኪት፣ ዘሩን በአየር እየሳበ አንድ በአንድ የሚጥል ባለ አራት ረድፍ ፕላንተር። በረድፍ መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክል መካከል 25 ሳንቲ ሜትር።

ከመግዛታችሁ በፊት፦ ማስተካከያው ከየት ይመጣል?

ኪቱ ራሱ ውስብስብ አይደለም። ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ትራክተሩ ያለበትን ቦታ ከጂፒኤስ ሳተላይት የሚቀበል አንቴና፣ ጋቢና ውስጥ የሚሰቀል ስክሪን፣ በነበረው መሪ ቦታ የሚገባ ሞተር ያለው መሪ፣ የትራክተሩን መዘንበል የሚያውቅ ሴንሰር። አንዳንዱ የፊት ጎማው ምን ያህል እንደዞረ የሚለካ ተጨማሪ ሴንሰር አለው። ደህና መካኒክና ኤሌክትሪሺያን በአንድ ቀን ይገጥሙታል። እጃችሁ ከሽቦ ጋር ከተስማማ ደግሞ አግኦፕንጂፒኤስ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። አንድ ካናዳዊ ገበሬ ጀምሮት ዛሬ በብዙ አገር ያሉ ገበሬዎች አብረው የሚያሳድጉት ነው። ዕቃዎቹን ለየብቻ ገዝታችሁ ትገጣጥማላችሁ። ርካሽ ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈጃል።

ገንዘባችሁን የሚበላው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የሳተላይቱን ስህተት ማን ያርምላችኋል?

እ.አ.አ. እስከ 2000 ድረስ አሜሪካ ለሲቪል ተጠቃሚ የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብላ ታበላሸው ነበር። ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርሳል። ያ ቀርቷል። ዛሬም ግን ምንም እርማት የሌለው ምልክት በሜትር ደረጃ ይስታል። ረድፋችሁ 75 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ማሽኑ አንድ ሜትር ከሳተ ትርፉ ድካም ነው። አሜሪካኖች ዋስ፣ አውሮፓውያን ኢግኖስ የሚሏቸው ነፃ የእርማት አገልግሎቶች አሏቸው። ለእኛ ሰማይ የተሠሩ አይደሉም። ስለዚህ የሚቀሩን ሁለት ናቸው።

አንደኛው እርማቱን ራሱ ከሳተላይት የሚልክ፣ በየዓመቱ የሚከፈልበት አገልግሎት ነው። አንቴናውን ከፍታችሁ እስከ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ስህተቱ ወደ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ምቹ ነው። ክፍያው ግን በዶላር ነው፤ እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል።

ሁለተኛው አርቲኬ የሚባለው ነው። ማሳው አጠገብ የማይንቀሳቀስ ሁለተኛ አንቴና ትተክላላችሁ፤ ቤዝ ይባላል። ቤዙ ያለበትን ቦታ አስቀድሞ ያውቃል። ሳተላይቱ የሚነግረውን ቦታ ከዚያ ጋር እያስተያየ ስህተቱን በየሰከንዱ ለትራክተሩ ይልካል። የሚልከው በሬዲዮ ወይም በሲም ካርድ ዳታ ነው። ትክክለኛነቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ነው። በሬዲዮ ከሆነ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በሲም ካርድ ከሆነ ስልካችሁን ይዛችሁ ማሳውን በእግር ዙሩት፤ ኔትወርክ የሚጠፋበትን ጥግ ሻጩ አይነግራችሁም።

የእኔን አስተያየት ከፈለጋችሁ፦ ስንዴ ለመዝራት ወይም ለመከስከስ ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ይበቃል። በቆሎ ዘርታችሁ በኋላ በትራክተር የምትኮተኩቱ ከሆነ ግን አርቲኬ ያዙ። ኩትኳቶው 10 ሳንቲ ሜትር ቢስት የሚቆርጠው አረም ሳይሆን በቆሎ ነው።

ትራክተሩን ሳታክሙ ኪት አትግጠሙ

መሪው የላላ ትራክተር በኪት አይድንም። ሞተሩን አስነሱና መሪውን በሁለት ጣት ወዲያና ወዲህ በሉት። ጎማው ሳይነቃነቅ መሪው ብዙ የሚሄድ ከሆነ የመሪውን መገጣጠሚያዎች አስጠግኑ። የግራና የቀኝ ጎማ ንፋስ እኩል ይሁን። የባትሪ ተርሚናሎችን አጽዱ፤ ኤሌክትሪኩ ሲዋዥቅ ስክሪኑ እየጠፋ ይበራል፣ ሰውም ሳተላይቱን ይራገማል። ይኸው ነው።

ልኬት፦ ሜትር፣ ሲባጎ እና ወረቀት

ብዙ ሰው ሲሳሳት ያየሁት እዚህ ጋ ነው። ስክሪኑ ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል ያለውን ርቀት፣ የአንቴናውን ከፍታ፣ አንቴናው ከኋላ አክስል ምን ያህል ወደ ፊት እንዳለ፣ ከመካከል ምን ያህል ወደ ጎን እንደራቀ እና የፕላንተሩን ስፋት ይጠይቃል። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ለኩ። ወረቀት ላይ ጻፉና ፎቶ አንሱት። ስክሪኑ አንድ ቀን ሁሉንም ይረሳዋል።

የፕላንተሩ ስፋት ወጥመድ አለው። አራት ረድፍ ነው። ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ አራተኛው በሜትር ብትለኩ 2.25 ሜትር ታገኛላችሁ። ያንን ስክሪኑ ላይ ብታስገቡ ምን ይሆናል? ትራክተሩ ሲመለስ 2.25 ሜትር ብቻ ይጠጋል፤ አንዱ ረድፋችሁ ቀድሞ በተዘራው የመጨረሻ ረድፍ ላይ ልክ ይወድቃል። በየሦስት ረድፉ አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ተዘራ ማለት ነው። ማስገባት ያለባችሁ አራት ረድፍ በ75 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 3.00 ሜትር ነው። በረድፎቹ መካከል ያሉት ክፍተቶች ሦስት ናቸው፤ አራተኛው ክፍተት ከሚቀጥለው ምልልስ ጋር የምትጋሩት ነው።

የአንቴናው ወደ ጎን መራቅም እንዲሁ ያታልላል። አንቴናው 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ሆኖ ሳለ «መካከል ነው» ብላችሁ ብታስገቡ፣ ስትሄዱ ፕላንተሩ ወደ አንድ ወገን 4 ይስታል፣ ስትመለሱ ደግሞ ወደ ተቃራኒው 4። በሁለቱ ምልልስ መካከል ያለው ክፍተት አንዱ 67፣ ቀጣዩ 83 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቡቃያው ሲወጣ ጠባብ፣ ሰፊ፣ ጠባብ፣ ሰፊ የሚል ማሳ ካያችሁ በሽታው ይሄ ነው።

ፕላንተሩ ትራክተሩ በሦስት ነጥብ ይዞ የሚሸከመው ዓይነት ከሆነ ደግሞ የጎን ሰንሰለቶቹን ጠበቅ አድርጉ። ትራክተሩ ቀጥ ብሎ እየሄደ ፕላንተሩ እንደ ጅራት ቢወዛወዝ ዋጋ የለውም።

ካሊብሬሽን፦ ትራክተሩን ራሱን ማስተዋወቅ

ጠንካራና ሜዳ ቦታ ፈልጉ፤ የደረቀ ኳስ ሜዳ ቢሆን ጥሩ ነው። ልጆቹን ግን አስወጧቸው።

መጀመሪያ የመሪ ካሊብሬሽን ነው። ስክሪኑ «ወደ ግራ እስከ መጨረሻ፣ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻ፣ አሁን ቀጥ» እያለ ይመራችኋል። ታዘዙት። ቀጥሎ የመዘንበል ካሊብሬሽን አለ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ባይዘለው ይሻላል። አንቴናው ከመሬት 3 ሜትር ከፍ ብሏል። ትራክተሩ ተዳፋት ላይ 5 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል አንቴናው ወደ ጎን 26 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ሳተላይቱ የሚያውቀው የአንቴናውን ቦታ እንጂ የጎማውን አይደለም። የመዘንበል ሴንሰሩ በትክክል ካልተስተካከለ ረድፋችሁ ሜዳው ላይ ቀጥ ብሎ ተዳፋቱ ላይ ይጎብጣል። አሠራሩ ቀላል ነው። ትራክተሩን አቁሙ፣ የጎማዎቹን ቦታ በኖራ ምልክት አድርጉ፣ ስክሪኑ ላይ መዝግቡ። ከዚያ አዙራችሁ፣ ፊቱ በመጣበት አቅጣጫ ሆኖ፣ ጎማዎቹ በዚያው ምልክት ላይ እንዲያርፉ አቁሙና እንደገና መዝግቡ። ማሽኑ ሁለቱን አስተያይቶ የሴንሰሩን ስህተት ለይቶ ያወጣል።

አሁን ፈተና። ሁለት ነጥብ ይዛችሁ መስመር አስምሩ፤ መነሻው ኤ፣ መድረሻው ቢ ነው። ትራክተሩን በዚያ መስመር ላይ ልቀቁት። መካከል ላይ አቁሙና የመጎተቻው ቀዳዳ ትይዩ መሬት ላይ ችካል ትከሉ። ዙሩና በዚያው መስመር ላይ ተመለሱ። ችካሉ ጋ ስትደርሱ አቁሙ። ቀዳዳው ችካሉ ላይ ልክ ካረፈ እሰየው። በ6 ሳንቲ ሜትር ከሳተ እውነተኛው ስህተት ግማሹ፣ 3 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ያንን የአንቴናው የጎን ልኬት ላይ አስተካክሉና ድገሙ። እኔ ይህን ሦስት አራት ጊዜ ሳልደግም አልሄድም።

ትራክተሩ በመስመሩ ላይ እንደ ሰካራም የሚወላገድ ከሆነ የመሪው ምላሽ በዝቷል፤ ቀንሱት። ወደ መስመሩ ለመመለስ ብዙ ሜትር የሚፈጅ ከሆነ ደግሞ አንሷል፤ ጨምሩት።

ቤዙን አንድ ጊዜ ትከሉ፣ ከዚያ አትንኩት

ቤዙ ሰማዩ ክፍት የሆነበት ቦታ ይፈልጋል። ዛፍ ሥር፣ ቆርቆሮ ጣሪያ አጠገብ አይሆንም። በሲሚንቶ የተተከለ ብረት ምሰሶ ላይ ቢታሰር ጥሩ ነው። ከማሳው ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ባይርቅ ይመረጣል።

አንድ ነገር አደራ። ብዙዎቹ ቤዞች በተከፈቱ ቁጥር «ያለሁበትን ቦታ ልፈልግ?» ይላሉ። የመጀመሪያው ቀን እሺ በሉት፤ ረዘም ላለ ሰዓት ይፈልግ። ያገኘውን ቁጥር ግን መዝግቡና ከዚያ ወዲያ በቋሚነት አስገቡት። በየማለዳው አዲስ ቦታ እንዲፈልግ ከተዋችሁት በየማለዳው ትንሽ የተለየ መልስ ያመጣል። ትናንት የተዘራው መስመር ዛሬ በግማሽ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ተንሸራቶ ታገኙታላችሁ። ከዚያ «ማሽኑ ተበላሸ» ተብሎ ሰው ይጠራል። ማሽኑ ምንም አልሆነም።

ማሳውን ለስክሪኑ አሳዩት

ፕላንተሩን ሳታወርዱ የማሳውን ዳርቻ አንድ ጊዜ ዙሩና መዝግቡ። ዋንዛውን፣ ግራሩን፣ ኩይሳውን፣ የመብራት ምሰሶውን፣ የጎርፍ ቦዩን በየቦታው ምልክት አድርጉ። ጠዋት የማይረሳው ኩይሳ ማታ ይረሳል።

ኤ-ቢ መስመሩን በማሳው ረጅም ጎን በኩል አስምሩ፤ መዞር ይቀንሳል። ማሳው ተዳፋት ከሆነ ግን ርዝመቱን እርሱት። መስመሩ ቁልቁለቱን አቋርጦ ይሂድ። ትራክተር ቁልቁል ያሰመረው ቀጥ ያለ ፈር ለክረምት ጎርፍ አስፋልት ነው። አብዛኞቹ ስክሪኖች የተጠማዘዘ መስመርም ይቀበላሉ፤ አንድ ጊዜ በእጃችሁ የዳገቱን ወገብ ተከትላችሁ፣ ሳትወጡ ሳትወርዱ ነድታችሁ መዝግቡት፣ ቀሪውን እሱ ይከተላል።

ሁለቱም ጫፍ ላይ የመዞሪያ ቦታ ተዉ። ለባለ አራት ረድፍ ሁለት ወይም ሦስት ምልልስ ያህል ስፋት ይበቃል።

ፕላንተሩ፦ ሰብሉ ያለው እዚህ ነው

ስለ ሳተላይት ይህን ሁሉ ያወራሁት ዘሩ ትክክለኛ ቦታ እንዲወድቅ ነው። ዘሩን የሚጥለው ሳተላይት አይደለም። ቀዳዳ ያለው ዲስክ ነው።

አሠራሩን ለማየት የአንዱን ረድፍ ክዳን ክፈቱት። ዲስኩ ሲዞር ከጀርባው ያለው የአየር መሳቢያ እያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ አንድ ፍሬ ለጥፎ ይይዛል። ከላይ ያለች ትንሽ ጥርስ ትርፉን ታራግፋለች። ዲስኩ ወደ ታች ሲዞር አየሩ ይቋረጥና ፍሬው ቱቦው ውስጥ ይወድቃል። አየሩ ከደከመ ቀዳዳው ባዶውን ያልፋል። ከበዛ ሁለት ፍሬ ይይዛል። ቀዳዳው ለዘራችሁ ከሰፋ ወይም ከጠበበም እንዲሁ። ስለዚህ ሞተሩን በሥራ ፍጥነት አስነሱ፣ አየሩ ይሥራ፣ የፕላንተሩን መንጃ ጎማ ከመሬት አንሥታችሁ በእጅ አዙሩና ዲስኩን በዓይናችሁ እዩት። ከ100 ቀዳዳ ስንቱ ባዶ፣ ስንቱ ድርብ? ሦስት አራት ቢሆን ተቀበሉት። አሥር ከሆነ የአየሩን ግፊት ወይም ጥርሷን አስተካክሉ።

የዘር ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። በ75 በ25 ሳንቲ ሜትር አንድ ሄክታር 53,333 ተክል ይይዛል። የተለመደው ምክር በሄክታር 25 ኪሎ ዘር ነው። ዘራችሁ 1,000 ፍሬው 350 ግራም የሚመዝን ከሆነ ግን 53,333 ፍሬ 19 ኪሎ እንኳን አይሞላም። አንድ በአንድ የሚጥል ማሽን ዘር የሚቆጥበው እዚህ ነው። ሳይበቅል ለሚቀረው ጥቂት ጨምሩ። ሚዛን ከሌላችሁ ሰፈር ካለው ባለሱቅ ጠይቁ፤ ግን ዕቃውን እጠቡለት፤ ዘሩ በመድኃኒት የታሸ ነው።

የዲስኩ ኃይል ከመሬት ጎማ የሚመጣ ከሆነ ጎማው ጭቃ ወይም ልል አፈር ላይ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ዘር አይወድቅም። አዲሶቹ ፕላንተሮች ለእያንዳንዱ ረድፍ የኤሌክትሪክ ሞተር አላቸው፤ ፍጥነቱን የሚወስዱት ከጂፒኤስ ነው። የተዘራበት ቦታ ሲደርሱም ረድፉን ለብቻው ያጠፋሉ። አቅም ካለ ግዙት። ከሌለ ግን ከሁሉ በፊት በየቱቦው የዘር ሴንሰር አስገጥሙ። እኔ ያን ቀን ቢኖረኝ አንዲት «ጢጥ» ታድነኝ ነበር። ሴንሰሩ በብርሃን ስለሚሠራ የዘሩ መድኃኒት አቧራ ይጋርደዋል፤ በየቀኑ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት።

ጥልቀቱን 5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ አድርጋችሁ ጀምሩ። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው አፈሩ ነው።

ልቀቁት

ትራክተሩን ወደ መስመሩ አስጠጉ፣ ፕላንተሩን አውርዱ፣ ቁልፉን ተጫኑ። 30 ሜትር ሂዱ። አቁሙ። ውረዱ።

አዎ፣ ውረዱ። ቢላ ወይም ትንሽ መጫሪያ ይዛችሁ ተንበርከኩና የአራቱንም ረድፍ አፈር በቀስታ ግለጡ። ፍሬው እርጥብ አፈር ነክቷል? ከላዩ በደንብ ተሸፍኗል ወይስ ፈሩ አፉን ከፍቷል? በፍሬና በፍሬ መካከል ስንት ነው? በ10 ሜትር ረድፍ ላይ 40 ፍሬ መኖር አለበት። ሁሉንም መቁጠር ከሰለቻችሁ ሁለት ሜትር ግለጡ፤ 8 ካገኛችሁ ደህና ነው። ከዚያ ተመልሳችሁ ሁለተኛውን ምልልስ ዝሩና በሁለቱ ምልልስ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። 75? ቀጥሉ። ካልሆነ ወደ ልኬቱ ወረቀት ተመለሱ። በዚህ ሰዓት ከኋላችሁ ቆሞ «ዝናቡ ሊመጣ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። አትስሙት።

ፍጥነት በሰዓት ከ6 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ይብቃችሁ። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚዘሩ ፕላንተሮች አሉ፤ የእናንተው ከእነሱ አንዱ አይደለም። በ6 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 3 ሜትር ስፋት ወረቀት ላይ በሰዓት 1.8 ሄክታር ይወጣዋል። መዞሩና ዘር መሙላቱ ሲደመር ግን ከዚያ በደንብ ያንሳል። ለባለ ማሳው ቃል ስትገቡ በወረቀቱ አትመኑ።

አንዳንድ ኪት መዞሪያው ላይም ራሱ ይዞራል። የመጀመሪያውን ዓመት በእጃችሁ ዙሩ። ፕላንተሩ ሳይነሳ ወደ ኋላ አትሂዱ፤ ግማሽ ሜትር እንኳን አይሆንም። ለምን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ።

ቀጥታው ላይ ዓይናችሁ ከኋላ ይሁን። አራቱ የዘር ሳጥኖች እኩል እየቀነሱ ነው? አንዱ ሞልቶ ከቀረ ያ ረድፍ አይዘራም። አፈሩን የሚከፍቱት ዲስኮች ላይ ገለባ ተጠቅልሏል? የመሸፈኛው ጎማ ይዞራል? ጭቃ ይዟል? በየመዞሪያው ፕላንተሩ ከፍ ሲል የአራቱን ቱቦ አፍ በዓይን ማለፍ አሥር ሰከንድ አይፈጅም። በየሄክታሩ ደግሞ አንድ ጊዜ ወርዳችሁ ግለጡ።

ሰማዩ ሲያኮርፍ

ስክሪኑ ላይ ያለው ምልክት ከ«ፊክስ» ወደ «ፍሎት» ከተለወጠ እርማቱ ላልቷል። አቁሙና ጠብቁ። በግምት የተዘራ አንድ ምልልስ ኩትኳቶ ላይ ያስጠይቃል።

እኛ ጋ ይህ ከሌላው አገር ይበዛል፤ ምክንያቱም የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚህ ቀበቶ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የላይኛው አየር ይታወካል፤ የሳተላይቱ ምልክት እንደ ሻማ ብርሃን ይርገበገባል። ብዙውን ጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ እስከ እኩለ ሌሊት ነው። በተለይ በመጋቢትና ሚያዝያ፣ ከዚያም በመስከረም አካባቢ ይብሳል። ሚያዝያ ደግሞ ዘር የሚጣደፍበት ወር ነው። በሌሊት መሥራት ካለባችሁ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወይም ማለዳ ይሻላል።

ፀሐይ ራሷ ስትቆጣም አለ። እ.አ.አ. በሜይ 2024 በተነሳው ኃይለኛ የፀሐይ ማዕበል በአሜሪካ የበቆሎ ምድር ብዙ ገበሬዎች በዘር ወቅት ፕላንተራቸውን አቁመው ነበር። ዘመናዊዎቹ ትራክተሮች መስመር መያዝ አቃታቸው። የዚያን ቀን መሪ መያዝ የሚችል ሰው ዋጋው ጨምሮ ይሆናል።

ሰው አልባው ጉዳይ

«ታዲያ ሹፌር ለምን አስፈለገ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። እ.አ.አ. በ2017 እንግሊዝ ውስጥ የሃርፐር አዳምስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን አንድ ሄክታር ገብስ ማንም ሰው ማሳው ሳይገባ ዘርቶ አጭዷል። የአሜሪካው ትራክተር አምራች ጆን ዲር በ2022 ዙሪያውን በካሜራ የሚያይ ሰው አልባ ትራክተር አሳይቷል። ዴንማርክ የሚሠራው ፋርምድሮይድ ደግሞ በፀሐይ ኃይል የሚሄድ ሮቦት ነው። እያንዳንዱን ፍሬ የጣለበትን ቦታ ያስታውሳል፤ ስለዚህ ቡቃያው ገና ሳይወጣ እንኳን ቦታውን አውቆ ዙሪያውን ያርማል። ይሄኛው ከሁሉም ልቤን ወስዶታል።

የእናንተ ኪት ግን ዓይን የለውም። መስመሩን ያውቃል እንጂ ፊቱ የቆመውን አያውቅም። የእኛ ማሳ ደግሞ አጥር የለውም። ላም ትሻገራለች፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ያቋርጣሉ፣ ትራክተሩን ለማየት የሚሮጥም አለ። ማሽኑ እየሄደ ከወንበር መነሳት፣ ይባስ ብሎም ወርዶ ጎን ለጎን መራመድ አይፈቀድም። ፕላንተሩ ላይ ሰው ቆሞ አይሂድ። ማሳው ዳር አንድ ሰው ልጆችን እንዲከለክል አቁሙ፤ የቀን አበሉን ከናፍታው ጋር ቁጠሩት።

ማታ

ስክሪኑን ከማጥፋታችሁ በፊት የማሳውን ስም፣ ኤ-ቢ መስመሩን እና ዳርቻውን ፍላሽ ላይ ገልብጡ። በኩትኳቶና በዩሪያ ጊዜ ትራክተሩ በዚያው መስመር ይገባል። ለሚቀጥለው ዓመትም ያገለግላል፤ ጎማ በዚያው ዱካ ብቻ ከሄደ ሌላው አፈር አይጠቀጠቅም። የማሳ ስም ስትሰጡ «ማሳ 1» አትበሉ። «ከወፍጮ ቤቱ በታች» በሉት፤ ከዓመት በኋላ የምታስታውሱት ያንን ነው።

የዘር ሳጥኖቹን ባዶ አድርጉ። ዲስኮቹን አውጥታችሁ አድርቁ፤ አንድ ፍሬ ከተረሳ አይጥ ሽቦውንም አብራ ትበላለች። የተረፈው ዘር ቀለም የተቀባው በመድኃኒት ስለታሸ ነው። ቢታጠብም አይቆላም፣ አይቀቀልም፣ ለዶሮም አይሰጥም። በከረጢቱ መልሱት፣ አፉን እሰሩት፣ ሕፃናት የማይደርሱበት ቦታ ቆልፉበት። ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡና ወደ እራት።